የሠርግ ኪቦርዲስት ሙዚቀኛ አይደለም ያለው ማነው?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦ ጤና ይስጥልኝ።

ከጅማ ነው የምጽፍላችሁ። ሰሞኑን የጥበብ ገጻችሁ ላይ አንድ ፀሐፊያችሁ የአገራችን ሙዚቃ ለምን እንደወደቀ ሲተነትኑ አነበብኩ። የጥፋቱን ግማሽ የጫኑት በእኛ በሠርግ ኪቦርዲስቶች ላይ ነው። ሐሳባቸው ባጭሩ ይሄ ነው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሌላ ሥራ እየሠራ ቅዳሜ ኪቦርድ የሚነካ ሰው ሙዚቀኛ ሊባል አይገባውም፣ ሙዚቀኛ በሙያው የሚኖር ነው። ጋዜጣውን ያመጣልኝ የቢሮ ባልደረባዬ ነው። "አንተን ነው እኮ የሰደቡህ" አለኝ እየሳቀ። እውነቱን ነው፣ እኔን ነው።

ሳምንቱን አንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል እሠራለሁ። ቅዳሜና እሁድ ሠርግ ላይ ኪቦርድ እጫወታለሁ። እዚሁ ጅማ፣ አጋሮ፣ ሰርቦ፣ ሰቃ፣ ሊሙ ገነት፣ አንዳንዴ እስከ ቦንጋ። ኪቦርዱ የራሴ ነው፣ ሞንታርቦውን እንከራያለን፣ ጀነሬተሩን የሠርጉ ባለቤት ያቀርባል (ካልረሳው)። ሰው ሲተዋወቀኝ "ሥራህ ምንድነው?" ይለኛል። "ሙዚቃ" ካልኩ ትንሽ ዝም ብሎ "እሺ፣ ዋናውስ?" ይላል። ይቺን ጥያቄ የማያውቃት የክፍለ ሀገር ሙዚቀኛ ያለ አይመስለኝም።

ስለ ራሴ ብቻ ባወራ ቅሬታ አቅራቢ ትሉኛላችሁ። ስለዚህ ስለ ሌሎች ሰዎች ላውራ፤ ስለ ፖላንድ አሜሪካውያን የፖልካ ሙዚቀኞች። ጅማና ፖልካን ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል። የኪቦርድ ቁልፍ ነው ያገናኘን። ኪቦርዶቻችን ላይ ከፋብሪካ የተጫኑ ምቶች አሉ፦ ዋልትዝ፣ ታንጎ፣ ቦሳ ኖቫ፣ ከነሱ መሐል ፖልካ የሚባል። ማንም አይነካውም። በጾም ወራት ሥራ ሲጠፋ ነው እኔ የነካሁት። ቱባ የሚመስል ባስ "እም" ይላል፣ አኮርዲዮን "ፓ" ይላል፣ በቃ እንዲህ እየተቀባበሉ ይሄዳሉ። መጀመሪያ ሳቅኩ። ቀጥሎ እነማን ናቸው ይሄን የሚጫወቱት ብዬ ዩቲዩብ ላይ ገባሁ፣ አልወጣሁም። (በነገራችን ላይ ፖልካውን ጉራግኛ ላይ ሞክሬዋለሁ። ጨፋሪው አላወቀብኝም።)

ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ፖልካ በመሠረቱ የፖላንድ አይደለም። በ1830ዎቹ ቦሄሚያ፣ ማለትም የዛሬዋ ቼክ፣ ውስጥ የተነሣ ጭፈራ ነው። በ1840ዎቹ ፓሪስ ገብቶ አውሮፓን አዳረሰ። ፖላንዶቹ አሜሪካ ሲገቡ የየመንደራቸውን ዜማ ይዘው ነው የገቡት፣ ቫዮሊን፣ ክላርኔት፣ በቀስት የሚመታ ባስ። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ድረስ በጣም ብዙ ሰው ነው የተሻገረው። የሄዱት ለሥራ ነው። ቺካጎ ከብት ማረጃ፣ ፒትስበርግ ብረት ማቅለጫ፣ ፔንሲልቬንያ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ፣ ዲትሮይት መኪና ፋብሪካ። በሳምንቱ መጨረሻ ሠርግ አለ፣ ክርስትና አለ፣ የቤተ ክርስቲያን ድግስ አለ። ሙዚቀኛው ማነው? አጠገቡ ሥጋ ሲቆርጥ የዋለው ሰውዬ ነው። ሌላ ከየት ይመጣል።

በ1920ዎቹ መጨረሻ የሸክላ ኩባንያዎች ነቁ። ስደተኛው የራሱን ዜማ በገንዘቡ ይገዛል ብለው እነዚህን የመንደር ቫዮሊን ተጫዋቾች ስቱዲዮ አስገቧቸው። ካሮል ስቶህ የሚባል ከፖላንድ ደጋ የመጣ ሰው ቺካጎ ውስጥ የተቀዳው ያኔ ነው። ዛሬም ይገኛል፣ ስሙት። ሻካራ ነው፣ ግን አጥንት ውስጥ ይገባል።

አሁን ወደምወደው ሰው ልምጣ። ዋልተር ያጊዬሎ ይባላል፣ ሕዝቡ የሚያውቀው ሊል ዋሊ በሚል ነው፣ "ትንሹ ዋሊ" እንደማለት። 1930 ቺካጎ ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ ፖላንዶች እሁድ እሁድ ጫካ ወጥተው በሚዝናኑበት ቦታ ሄዶ ይዘፍንላቸውና ሳንቲም ይሰጡታል። በአሥራዎቹ ዕድሜ መጠጥ ቤት ይጫወት ነበር። በዚያን ጊዜ ቺካጎ ውስጥ ዲቪዥን የሚባለው ጎዳና በፖላንድ መጠጥ ቤቶችና በሙዚቃ የተሞላ ነው፣ "የፖላንዶች ብሮድዌይ" ይሉት ነበር። ልጁ ከበሮ ይመታል፣ እየመታ ይዘፍናል፣ ኮንሰርቲናም ይጫወታል። ኮንሰርቲና ከጀርመን የመጣ፣ አራት ማዕዘን፣ በሁለቱም በኩል አዝራር ያለው የአኮርዲዮን ዘመድ ነው። የሚዘፍነው ሽማግሌዎች ከአገር ቤት ይዘዋቸው የመጡትን የመንደር ዘፈኖች ነው። ፖላንድን ሳያይ።

የሱ ታሪክ እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ቦታ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ የተከበረው ፖልካ የምሥራቁ ነው፣ የኒውዮርክና የኮነቲከት። ትልልቅ ኦርኬስትራ፣ ተርታ ሳክስፎንና ትራምፔት፣ ሁሉም ኖታ አንባቢ፣ ፍጥነቱ እሳት፣ ልብሳቸው ሙሉ ሱፍ። ሊል ዋሊ ከነጥቂት ጓደኞቹ መጣና ፍጥነቱን ቀነሰው። ምቱን ከበድ አደረገው። ጨፋሪው ዘሎ እስኪያርፍ ጊዜ ሰጠው። አዘፋፈኑ ከጉሮሮ ሳይሆን ከሆድ ነው፣ አንዳንዴ ያለቅሳል፣ አንዳንዴ ይጮኻል። የተማሩት ሙዚቀኞች አፍንጫቸውን ነፉ። "ሆንኪ" የሚል ስም ወጣለት፣ ያልታረመ፣ የሠፈር ነገር ለማለት። ሕዝቡ ግን እሱን ነው የተከተለው። ዛሬ የቺካጎ ስልት የሚባለው ከዚያ ነው የመጣው፣ ስድብ የነበረውም ስም የስልት መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ፀሐፊያችሁ ስለ እኛ የጻፉትን ሳነብ ትዝ ያለኝ ይሄ ነው።

ቀጥሎ ያደረገውን ልብ በሉልኝ። ለትልቅ የሸክላ ኩባንያ ከተቀረጸ በኋላ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የራሱን አቋቋመ፣ ጄይ ጄይ ሬከርድስ። ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ወጣት ነው። የራሱን ብቻ ሳይሆን የሌሎችንም ባንዶች አሳተመ። 1954 ላይ፣ ምነው እንደገና ላጤ በሆንኩ የሚል ዘፈኑ በራሱ አሳታሚነት ቺካጎን አጥለቀለቀ። ይህን ዘፈን ሠርግ ላይ መጫወት ድፍረት ይጠይቃል፣ እነሱ ግን ይጫወቱታል፣ ሙሽራውም ይስቃል። 1959 ላይ ለከተማው የቤዝቦል ቡድን ለዋይት ሶክስ የድጋፍ መዝሙር ሲሠራ አብሮ ደረሰ፣ በዚያው ዓመት ቡድኑ የሊጉ አሸናፊ ሆነ። 1984 ላይ ፖላንዳዊው ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ፊት ተጫወተ። ሳንቲም ሲለቅም የነበረው ልጅ ነው እንግዲህ። በ2006 ፍሎሪዳ ውስጥ አረፈ።

ሁለተኛው ኤዲ ብላዞንቺክ ነው። 1941 ቺካጎ ተወለደ። ወላጆቹ ከፖላንድ ደጋ፣ ፖዳሌ ከሚባለው ተራራማ አካባቢ የመጡ ናቸው፣ የዳንስ አዳራሽም ነበራቸው። ልጁ ያደገው ባንድ እየገባ ባንድ ሲወጣ እያየ ነው። ወጣት ሲሆን እንደ ዘመኑ ልጅ ሮክ ኤንድ ሮል ጀመረ፣ ስሙንም ኤዲ ቤል አለው፣ ትልቅ ኩባንያም ቀረጸው። ቀናው ማለት ነው። እሱ ግን ትቶ ወደ ፖልካ ተመለሰ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ቨርሳቶንስ የሚባለውን ባንድ መሠረተ። የሊል ዋሊን ከባድ ምት ወሰደ፣ የሮኩን ጉልበት ጨመረበት፣ የገጠር አሜሪካ ዘፈኖችንም ወደ ፖልካ አመጣ። ባስ ጊታር ይዞ ከፊት ቆሞ ይዘፍናል። ከዚህ መስመር ነው ቆየት ብሎ "ፑሽ" ያሉት ስልት የወጣው፤ አኮርዲዮኒስቱ ወናፉን እያንቀጠቀጠ ሳያቋርጥ ይገፋል፣ ከበሮውም አይለቅም። ኪቦርድ ላይ ለመምሰል ሞክሬ እጄ ዛለ። እነሱ እሱን ይዘው ሌሊት ሙሉ ነው የሚጫወቱት።

ኤዲ ባንድ ብቻ አልነበረውም። ቤል-ኤር ሬከርድስ የሚባል አሳታሚ አቋቋመ፣ የሬዲዮ ፕሮግራም ሠራ፣ የራሱን የፖልካ ፌስቲቫል አዘጋጀ። በአውቶቡስ ከከተማ ከተማ እየዞሩ ይጫወታሉ። ዝግጅቱ ሲያልቅ ዕቃ መጫን፣ መንዳት፣ ሲደርሱ ማራገፍ። ይሄን ክፍል ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም። በ1986 የሠራው አልበም ግራሚ አገኘለት። 1998 ላይ የአሜሪካ መንግሥት ለባህላዊ ጥበብ የሚሰጠውን ትልቁን ሽልማት፣ ብሔራዊ የቅርስ ፌሎሺፕ፣ ሸለሙት። ሲታመም ልጁ ባንዱን ተረከበ። ኤዲ በ2012 አረፈ።

እነዚህ ሁለቱ ከላይ የወጡት ናቸው። ከነሱ ኋላ ያለው ብዙው ሙዚቀኛ ግን እንደ እኔ ነው። ቀን ፋብሪካ፣ ሱቅ፣ ትምህርት ቤት፣ ፖስታ ቤት፤ ቅዳሜ ማታ ትራምፔት። እኛ ዘንድ ቢሆን "ዋናውስ ሥራህ?" የሚባሉ ሰዎች ናቸው። እዚያ ግን ሠፈሩ በሙሉ በስም ያውቃቸዋል። ሲሞቱ የሬዲዮ ፕሮግራም ይሠራላቸዋል። ጂሚ ስተር እንኳን፣ በፖልካ እሱን ያህል የተሸለመ የለም፣ ከሙዚቃው ጎን የጉዞ ወኪል ቢሮ አለው። የሚገርመው እሱ ፖላንዳዊ አይደለም፣ ዘሩ አየርላንዳዊ ነው። ያደገው ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ፍሎሪዳ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ፖላንዶች ጥቁር አፈር ላይ ሽንኩርት በሚያመርቱበት አካባቢ ነው፤ ጎረቤቱ ሲጨፍርበት የሰማውን ያዘ። ጅማ ተወልዶ የሁሉንም ዘፈን ለሚያውቅ ሰው ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም።

ግራሚን ካነሳሁ አይቀር። የፖልካ ዘርፍ የተጀመረው 1986 ሽልማት ላይ ሲሆን የመጀመሪያውን የወሰደው ፍራንኪ ያንኮቪች ነው። እሱም ፖላንዳዊ ሳይሆን የስሎቬንያ ዘር ያለው የክሊቭላንድ ሰው ነው፣ አኮርዲዮን ተጫዋች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብርድ እጅና እግሩን መትቶት ሐኪሞች ይቆረጥ ብለውት እምቢ አለ፣ ጣቶቹንም ያፍታታው አኮርዲዮን እየተጫወተ ነው። ከጦርነቱ ሲመለስ ነው በሚሊዮን የሚሸጥ ሸክላ የሠራው። ሽልማቱ በ2009 እስኪሰረዝ በጠቅላላው 24 ጊዜ ተሰጠ፣ 18ቱን የወሰደው ጂሚ ስተር ነው። አንድ ሰው 18 ጊዜ! በዚህ የተናደዱ ፖልከኞች ብዙ ናቸው፣ አልፈርድባቸውም። የሰረዙት ሰዎች ዘርፉ ጠቧል ነው ያሉት። ሽልማቱ ተሰረዘ ብሎ ግን ቅዳሜ ማታ ጭፈራውን የተወ የለም።

ቦቢ ቪንተንንም ልጥቀስ፣ ምክንያቱም በፀሐፊያችሁ ሚዛን ከሁሉም እውነተኛው "ሙዚቀኛ" እሱ ይሆናል። ፔንሲልቬንያ ካኖንስበርግ የተወለደ፣ አባቱ የሠፈር ባንድ መሪ የነበረ፣ ራሱ ግን ፖፕ ዘፋኝ ሆኖ አሜሪካን ያንቀጠቀጠ ሰው። በ1974 ግን ፖሊሽ ቃላት ያሉበት የፍቅር ዘፈን አወጣና ከአገሩ አንደኞቹ ሦስት ዘፈኖች ውስጥ ገባ። "የፖላንዱ ልዑል" ተባለ። ጥሩ ነው፣ ደስ ይላል። ግን ፖልካን ያቆየው ልዑሉ አይደለም። በየሳምንቱ ሠርግ የሚጫወቱት ናቸው።

ስለ ጾም አንድ ነገር ልበል፣ እዚህ ላይ ነው በጣም የተዛመድነው። ካቶሊኮቹ ፖላንዶች የፋሲካ ጾም ሲገባ ሠርግም ጭፈራም አልነበራቸውም። ሙዚቀኛው ያን ጊዜ ምን ይበላል? ዋናው ሥራውን ነዋ። እኛም እንደዚያው ነን። ቡና ተለቅሞ ሲሸጥ የሰው እጅ ገንዘብ ይገባል፣ ጥር ላይ ሠርግ በሠርግ ይሆናል፣ ሁለት ቦታ በአንድ ቀን የምንጠራበት ጊዜ አለ። ከዚያ ዐቢይ ጾም ይገባል። ከሙስሊሙ ወገን ደግሞ ረመዳን አለ። ሁለቱ በተከታታይ ሲመጡ ኪቦርዱ አቧራ ይለብሳል። ያኔ ቀብድ የለ፣ ሽልማት የለ። ደሞዝ ያለው ሰው ነው ኪቦርዱን ሳይሸጥ ጾሙን የሚሻገረው። ፀሐፊያችሁ "በሙያው የሚኖር" ሲሉ እነዚህን ወራት ቆጥረዋቸው ይሆን?

ፖላንዶቹ ደግሞ ጾሙን አካክሰውታል። የፋሲካ ማግስት ሰኞ ዲንጉስ የሚባል በዓል አላቸው፣ ወንዱ ሴቷን ውኃ የሚረጭበት፣ ሴቷም በለጋ ቀንበጥ የምትመልስበት። ባፋሎ ከተማ ያሉት ይህን ቀን ከተማ የሚያናውጥ የፖልካ በዓል አድርገውታል፣ ሰልፍ አለው፣ በየአዳራሹ ባንድ አለ። ከጾም ወጥቶ የናፈቀውን ሕዝብ ሙዚቀኛው በአንድ ቀን ያገኘዋል። እኛ ለዳግማይ ትንሣኤ እንዲህ ያለ ነገር ጅማ ላይ ብናስብ እላለሁ አንዳንዴ። (የጅማ ሰዎች፣ ይሄን ሐሳብ የወሰደ ቢያንስ ይጥራኝ።)

በሠርጋቸውም ላይ የምናውቀው ነገር አለ። ከሙሽራዋ ጋር ለመደነስ እንግዳው ገንዘብ ይሰጣል፣ ገንዘቡ ለጎጆ መውጫ ነው። ባንዱ ያን ጊዜ ዜማውን ማርዘም አለበት፣ ሰልፉ እስኪያልቅ። እኛም አጎት ተነሥቶ ሲሸልም ዘፈኑን ማሳጠር አንችልም፣ ሚዜዎች በዓይናቸው ያዩናል። ይሄ በየትም ሙዚቃ ትምህርት ቤት የማይሰጥ ሙያ ነው። ዘፈኑ መቼ እንደሚረዝም፣ መቼ ሽማግሌዎቹ እንደሚነሡ፣ መቼ ዳሱ ውስጥ ያለው ወጣት እንደሚሰለች፣ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ (እጅ ማስጨብጨብ፣ ሌላ መላ የለም)። አንድ የጅማ ሠርግ ላይ ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ ጉራግኛ፣ ዳውሮኛ፣ ከፊኛ ትጠየቃለህ። ሙሽራዋ ከአንዱ፣ ሙሽራው ከሌላው ነው። አንዱን ዘፈን አላውቅም ካልክ አንድ ቤተሰብ አስከፋህ።

ፀሐፊያችሁ ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል አልልም። በተጫነ ምት ላይ ብቻ ተደግፎ ለሁሉም ዘፈን ያንኑ ቺክቺካ የሚለቅ ኪቦርዲስት አለ፣ አውቀዋለሁ፣ ጓደኛዬም ነው። አምስት ሰው ይሠራው የነበረውን አንድ ሰው መሥራቱም እውነት ነው። መሲንቆ ተጫዋቹ ከሠርግ የወጣው በከፊል በእኛ ምክንያት ነው፣ ይሄን መካድ አይቻልም። ግን ይህ የሆነው እኛ ቢሮ ስለምንውል ነው? የሠርጉ ባለቤት አምስት ሰው መክፈል ስላልቻለ ነው። ቺካጎም ላይ ትልልቆቹ ኦርኬስትራዎች በአራትና በአምስት ሰው ባንድ ሲተኩ ወጪ አንዱ ምክንያት ነበር፣ መጠጥ ቤቱም አያስችልም። ከዚያ ጥበት ነው አዲስ ስልት የወጣው።

ደግሞስ እኛ አገር "ዋናው ሥራ" ያልነበረው ሙዚቀኛ ማን ነው? ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ከመጀመሪያዎቹ በሸክላ ድምፃቸው ከተቀዳ ኢትዮጵያውያን አንዱ ናቸው፣ 1908 ላይ፣ በርሊን። ጀርመን የተላኩት ግን ለዘፈን አልነበረም፣ የመኪና ሙያ እንዲማሩ ነው። ኃይሉ መርጊያን ተመልከቱ። ከዋሊያስ ባንድ ጋር በ1981 አሜሪካ ሄደው ቀሩ። 1985 ላይ አኮርዲዮን ይዘው ብቻቸውን አንድ ካሴት ቀዱ። ከዚያ ዋሽንግተን ውስጥ ለዓመታት ታክሲ ነዱ። ተሳፋሪ ሲጠብቁ ኪቦርዳቸውን ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። ያቺን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ባሕር ዳር ሙዚቃ ቤት አግኝቶ በ2013 እንደገና አሳተማት፣ ኃይሉም ዓለምን ዞረው ተጫወቱ። ታክሲ ሲነዱ ሙዚቀኛ አልነበሩም ልንል ነው? ካሴቷ ደግሞ ባሕር ዳር ባትገኝስ?

ፖልከኞቹን የምቀናባቸው እዚህ ላይ ነው። ዝናቸው አይደለም የሚያስቀናኝ፣ ብዙዎቹን ከየሠፈራቸው ውጪ ማንም አያውቃቸውም። እነሱ ሌላ ሰው እስኪያገኛቸው አልጠበቁም። ሸክላውን ራሳቸው አሳተሙ፣ በሬዲዮ ራሳቸው አጫወቱ። 1968 ላይ ቺካጎ ውስጥ ዓለም አቀፍ የፖልካ ማኅበር አቋቋሙ፣ የፖልካ የዝና አዳራሽም አለው፣ ከመጀመሪያዎቹ ከገቡት ሊል ዋሊና ያንኮቪች ናቸው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የሚገቡ አሉ፣ ትልቅ ኮከብ ብቻ ሳይሆን የሬዲዮ አቅራቢው፣ የትንሽ ከተማው ባንድ መሪ። የተጫወቱትን ዘፈን፣ ከማን ጋር እንደተጫወቱ፣ የት እንደተወለዱ ተጽፏል። ለዚህ ነው እኔ ጅማ ቁጭ ብዬ ስለ ሊል ዋሊ ልጅነት የምነግራችሁ። ስለ ጅማ ኪቦርዲስቶች ግን ቺካጎ ያለ ሰው ምን ሊያነብ ይችላል? ቺካጎን ተውት፣ አዲስ አበባ ያለው ምን ሊያነብ?

ኪቦርድ ያስያዘኝ ሰው ዛሬ በሕይወት የለም። ከደርግ ዘመን ጀምሮ ሠርግ ሲጫወት የኖረ ነው። ጅማ ውስጥ የተዳረ የኔ ትውልድ ሰው ግማሹ በሱ ኪቦርድ ነው የተዳረው ብል ማጋነን አይሆንም። ስሙን ብትፈልጉ የትም የለም። ሁለት ካሴት ቀድቶ ነበር፣ አንዱን እኔ አለኝ፣ ሌላውን እየፈለግሁ ነው። ሥዕሉም ያለው በሰው የሠርግ ቪዲዮ ዳር ላይ ነው፣ ጎንበስ ብሎ፣ ፊቱ በግማሽ።

እንግዲህ ጥያቄዬ። ጥበብ ገጻችሁ ላይ በወር አንድ ጊዜ፣ ሩብ ገጽም ትሁን፣ ለክፍለ ሀገር የሠርግ ሙዚቀኞች ስጡ። ጅማ ብቻ አይደለም፤ ነቀምት፣ ደሴ፣ ሆሳዕና፣ ጎባ፣ ሁሉም ጋ አሉ። አዲስ አልበም ስላወጣው ዘፋኝ ለመጻፍ የሚሄደው ቦታ በቂ ነው፣ ስለ እሱ ሁሉም ይጽፋል። ስም፣ የተወለደበት፣ ማን እንዳስተማረው፣ ምን እንደሚጫወት፣ ዋና ሥራውም ይጻፍ፣ አናፍርበትም። ከተቻለ አንድ ዘፈኑን ቀድታችሁ ድረ ገጻችሁ ላይ ጫኑት። ፀሐፊያችሁም ቢመጡ ደስ ይለኛል፣ በቅሬታ አይደለም። አንድ ሠርግ አብረን እንሂድ፣ ከዕቃ መጫን እስከ ዕቃ ማውረድ። ከዚያ በኋላ የፈለጉትን ይጻፉ።

ካሴት ያላችሁ የጅማ፣ የአጋሮና የሊሙ አንባቢዎችም በጋዜጣው በኩል ብታገኙኝ እመጣለሁ፣ ቀድቼ እመልሳለሁ። የተጨማደደም ቢሆን አትጣሉት፣ የሚያስተካክል ልጅ መርካቶ አለን (የጅማው መርካቶ ማለቴ ነው)። ጋዜጠኛ የምትልኩ ከሆነ በሥራ ቀን ከ11 ሰዓት በኋላ ወይ ሰኞ ማታ ይሻለኛል። ለፎቶ ከሆነ ግን ቅዳሜ ኑ፣ ሰርቦ ሠርግ አለን፣ ምሳም አለ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የሠርግ ኪቦርዲስት
ከጅማ